ባለቤቴ ያልደፋው ባርኔጣ

«የሟች ባሏን ሥዕል ቀደደች» የሚለው ወሬ ቀድሞኝ ሰፈር ደርሷል። አልቀደድኩም፤ ባርኔጣውን ብቻ አስፋቅሁ።

እዚህ አምቦ ሟች አባወራ ሲሳል፣ በሕይወቱ ባይኖረውም ለክብሩ ባርኔጣ ይደፋለታል። ባለቤቴ ግን ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው ከዱቄት የሚከልለውን የሹራብ ቆብ ነው።

ዛሬ ሥዕሉን ልወስድ ስሄድ ግን ባለቤቴ ባርኔጣ ደፍቶ የቀበሌ ሹም መስሎ ጠበቀኝ። ከመታወቂያው በቀር ፎቶ የለውም፤ የልጅ ልጆቹ የሚያውቁት በዚህ ሥዕል ነው።

«አዴ፣ ያለ ባርኔጣ እኮ ድሃ ይመስላሉ፤ ሰው ምን ይላል?» አለኝ ሠዓሊው፣ ባርኔጣውን አጥፍተህ ቆቡን ሳልልኝ ስለው።

«ድሃ ነበር። የማላውቀውን ሰው ግን ግድግዳዬ ላይ አልሰቅልም።»

ሳቀና ላጲሱን አነሳ። ቆቡን እንደ ነገርኩት ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ሲጨርስ፣ ባለቤቴ ከወረቀቱ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። «ልጄ፣ እጅህ ይባረክ» አልኩት ሠዓሊውን።

እናንተስ፣ ለዘመዳችሁ ያልነበረውን ምን ጨምረው ሳሉላችሁ?

ነገ መጀመሪያ ሚስማር እመታለሁ፣ ሥዕሉን እሰቅላለሁ፣ ከዚያ ቀደደች ብላ ያወራችብኝን ያቺን ወሬኛ ጎረቤቴን ጠርቼ አሳያታለሁ።