ሰላም ላንተ፣ ማርያም

የግንቦት ዝናብ የጓሮዬን የቀርከሃ አጥር ሲያረጥበው የሚወጣው ሽታ፣ የሻገተ ገለባና የወደቀ ማንጎ የተቀላቀለበት ሽታ፣ ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ ደስ ያሰኘኝ የመጀመሪያው ነገር ነበር፤ ደስታውም አልቆየም። ቤኒሻንጉል ውስጥ ባምባሲ አጠገብ በነበረው የሰፈራ መንደራችን የነበረችውን ትንሿን የቀርከሃ ጸሎት ቤት አመጣብኝ፤ ከእሷም ጋር እማማ ሉሲያን።

እኛ ከወሎ በሰፈራ የመጣን ነን። እናቴን ወባ ጥሏት ያነሷት የካቶሊክ መነኮሳት፣ ሲስተሮቹ፣ ስለነበሩ ካቶሊክ ሆንን። እማማ ሉሲያ ግን የጉሙዝ ሴት ነበረች፤ ከወንዙ ወዲያ ብቻዋን ትኖር ነበር። ገበያ ላይ ሰፋሪዎቹ ከእሷ ባሚያ ሲገዙ እጇን ላለመንካት ሳንቲሙን መሬት ላይ ይጥሉላታል። ጸሎት ቤትም የምትቀመጠው ከሁሉም ኋላ፣ በሩ አጠገብ ነበር።

አማርኛዋ ሁሉን ወንድ ያደርጋል። ላሟም፣ ጨረቃዋም፣ እናቴም ለእሷ «እሱ» ናቸው። ስለዚህ መቁጠሪያ ሲደገም ሕዝቡ «ሰላም ላንቺ ይሁን» ሲል፣ ከበሩ በኩል አንድ ወፍራም ድምፅ «ሰላም ላንተ ይሁን፣ ማርያም» ይላል፤ ጸሎቱን የሚመራው ካቴኪስታችን፣ የሃይማኖት አስተማሪው መምህር ጴጥሮስም እንደ ጅራፍ ይዞራል።

«ላንቺ በይ እንጂ ሉሲያ! እመቤታችን ወንድ ናት እንዴ?»

«እሺ መምህር። ላንቺ።» በሚቀጥለው ፍሬ ላይ ግን ያው «ላንተ» ነው።

እናቴ አንድ ቀን እማማ ሉሲያን፣ ማርያምን ለምን እንዲህ እንደወደደቻት ጠየቀቻት። በዚያን ጊዜ የጉሙዝ ሴት ደም ቤት ውስጥ መፍሰስ የለበትም ተብሎ፣ ምጥ ሲይዛት ብቻዋን ወጥታ ወንዝ ዳር ነበር የምትወልደው፤ እማማ ሉሲያም ሁለት ልጆቿን እዚያው ወልዳ እዚያው ቀብራለች። «ማርያም እንደኔ ነው» አለቻት። «ውጭ ወለደ። ቤት የሰጠው የለም። ልጁም ሞተበት። እሱ ያውቃል።» እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ግንቦት የማርያም ወር ስለሆነ ሥዕሏ አመሻሽ ላይ ከቤት ቤት ትዞራለች፤ ጸሎቱን የሚመራውም የቤቱ ባለቤት ነው። እማማ ሉሲያ ተራዋን ከበጋው ጀምራ ስትጠብቅ ቆይታ፣ ጎጆዋን በጭቃ ለቅልቃ፣ ሥዕሏ የምታርፍበትን በርጩማ በአመድ ፈትጋ ተቀበለችን። አፏን ከመክፈቷ መምህር ጴጥሮስ «አንቺ አዳምጪ፤ እኔ እመራልሻለሁ» አላት።

«ቤት የኔ ነው። እንግዳም የኔ ነው» አለችና ጀመረች፦ «ሰላም ላንተ…»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ተዛመተ። መምህሩ «እመቤታችን መሣቂያ አትሆንም!» ብሎ ሥዕሏን በጋቢው ጠቅልሎ ወጣ፤ ሕዝቡም ተከተለው። እኔና እናቴ ብቻ ቀረን። እማማ ሉሲያ ወደ ባዶው በርጩማ ዞራ እስከ መጨረሻው ፍሬ ደገመች፤ እናቴም አንድም ቦታ ሳታርማት ተቀበለቻት። ሲያልቅ የእማማ ሉሲያ ፊት እንግዳዋን አብልታ እንደሸኘች ሰው ፊት ነበር።

ያቺ ጸሎት ቤት ዛሬ በብሎኬት ተሠርታለች፤ ወለሏ ሴራሚክ ነው፤ ጸሎቱ በድምፅ ማጉያ ይመራል፤ ስህተትም የለበትም። ጉሙዞቹ በብሔር ግጭቱ ግርግር ጊዜ ሸሹ፤ እማማ ሉሲያ የት እንደወደቀች የሚነግረኝ አጣሁ። ባሌ ሲሞት ጎረቤቱ ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ፤ እኔም መቁጠሪያዬን አንስቼ አንድ ፊደል ሳላጎድል ደገምኩ፤ አሁንም እደግማለሁ፤ ምንም የለም። ሐዘኑን እችለዋለሁ፤ የሚያበሽቀኝ ባማረ አማርኛ ከግድግዳ ጋር ማውራቴ ነው።

ትናንት ዝናቡ ሲያባራ ባሌ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ፊት ተቀመጥኩና እንደ እማማ ሉሲያ ልበል አልኩ። «ሰላም…» ብዬ ጀመርኩ። ምላሴ ግን የተማረ ነው፤ «ላንቺ» አለ።