አፈ ማርን ያስመታት ቃል

ሃያ ዓመት ያዋለደች ነርስ ናት። ወገቧ መቆም እምቢ ሲላት፣ ሴቶችን በንግግር ብቻ ወደ ሰመመን እየወሰዱ ሕመማቸውን የማስታገስ ሙያ ተማረች። ድምጿ የሚያለቅስ ሕፃን ያስተኛል ይሏታል፤ መጠሪያዋም በዚያው «አፈ ማር» ሆኖ ቀረ። እሷም ቃሌ ማንንም አይጎዳም ብላ ታምን ነበር።

አንድ ጠዋት አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። ከወለደች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ማህፀኗን እንደ ቢላዋ የሚወጋት ሕመም ግን አልለቀቃትም። ሐኪሞቹ መርምረው መርምረው ምንም ስላጡ ነው ወደ አፈ ማር የላኳት። አልጋው ላይ ተጋደመች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ትንፋሿ ረጋ።

አፈ ማር ጎንበስ አለችላት። «አሁን ጸጥ በይ። ጸጥ በይና ሰውነትሽን ልቀቂው።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ሳትገልጥ ብድግ አለች። አጠገቧ የነበረውን የብረት መብራት ነጥቃ አፈ ማር ፊት ላይ አሳረፈችው። ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ ሁለት ጥርሷ ረገፈ። ስትወድቅ ተከትላ ወረደችባት፤ ጉልበቷን ደረቷ ላይ ተክላ ጉሮሮዋን ያዘች። «አሁንስ አንተ ጸጥ በል» እያለች ታንቃታለች። ዘበኛው በሩን በርግዶ ገብቶ ጣቶቿን አንድ በአንድ ባያላቅቅ ኖሮ አፈ ማር አልቆላት ነበር።

«ሲስተር፣ ፖሊስ ልጥራ?» አለ ዘበኛው እያለከለከ።

«ትንሽ ቆይ።» ደሙን ተፋችና ወደምትንቀጠቀጠው ሴት ዞረች። «ማነው ጸጥ በይ የሚልሽ?»

«ባሌ። በቀበቶ ሲገርፈኝ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። እርጉዝ ሆኜ ሆዴን ሲረግጠኝም እንደዚያው ነው የሚለኝ።»

«ጸጥ በይ» አፈ ማር ራሷ ሃያ ዓመት ሙሉ ምጥ ለያዛቸው ሴቶች ስትል የኖረችው ቃል ነው፤ አንዳንዴም ጭናቸውን በጥፊ እያጮለች።

ከንፈሯ ተሰፍቶ በሁለተኛው ሳምንት አፈ ማር ራሷ ልብስ ሰፊዋን አስጠራቻት። «ቃሉን ዛሬ አንቺ ምረጪልኝ» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ አልጋው ላይ ተጋደመች። «መጮህ ትችያለሽ ይበሉኝ።»

አፈ ማርም እንዳለችው አለቻት። የልብስ ሰፊዋ ጩኸት ኮሪደር ላይ ወረፋ የያዙትን ሁሉ ከመቀመጫቸው አስነሣ።

በወሩ ባልየው ቀበቶውን ሲፈታ ልብስ ሰፊዋ የጋለ ካውያ ክንዱ ላይ ለጠፈችበት። ቆዳው ካውያው ላይ ቀረ። እሱ ወለል ላይ ሲንፈራገጥ ልጇን አዝላ፣ የስፌት ማሽኗን በጋሪ አስጭና እህቷ ቤት ገባች። ሕመሙ ጨርሶ አልተዋትም፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ መስፋት ግን ችላለች።

አፈ ማር ዛሬ ታካሚ ስትመጣ አስቀድማ የምትጠይቀው፣ መስማት የማትፈልጊው ቃል የትኛው ነው ብላ ነው። በቀደም አንዷ፣ «አማትሽ መጣች የሚለውን» ብትላት ሳቀች፤ የተሰፋው ከንፈሯም ጠዘጠዛት።