በለቅሶ የተባለ

«አንቺ ዛሬ አንዲት ቃል ከተነፈስሽ፣ መዝገቡን ጥዬልሽ ነው የምሄደው!» አለኝ ጠበቃችን፣ ጎንደር ፍርድ ቤቱ በር ላይ። ሌባ ጣቱ አፍንጫዬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጠረኑ ሽሮ ሽሮ ይላል። እሺ አልኩት፤ እሺ ማለት ምን ያስከፍላል?

ወንድሜ ሰው ገድሏል፤ እሱን የሚክድ የለም። መንደራችን ድብ ባሕር፣ አውድማ ላይ ከጓደኛው ጋር «ቀድሜ የምወቃው እኔ ነኝ»፣ «እኔ ነኝ» ተባባሉና ገፈተረው። ልጁ ድንጋይ ላይ ወደቀ፤ በዚያው ቀረ። የሥር ፍርድ ቤቱ ግን «ሆን ብሎ ነው» ብሎ ፈረደበት። ማስረጃው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አስከሬኑ ላይ ተደፍቶ «እኔ ነኝ የገደልኩህ፣ እኔ ነኝ የበላሁህ!» ብሎ መጮሁ። በይግባኙ ይቺ «ሆን ብሎ» ካልተነሳችለት ሸብቶ ነው ከወህኒ የሚወጣው።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሳ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሳያስብ የገደለ ሰው 'ሳላውቅ' ይላል እንጂ 'ገደልኩህ' አይልም።»

ጠበቃችን አንቀጽ ይቆጥራል። የግራው ዳኛ ያንቀላፋል። አላስቻለኝም።

«እንግዲያው የሟቹንም እናት እሰሯታ!» አልኩ ብድግ ብዬ። «እሷም እኮ 'እኔ ነኝ የገደልኩህ፣ እኔ ነኝ ወደ አውድማ የላክሁህ' ስትል ነበር። እዚህ አገር ሰው ሞቶበት ገዳይ ያልሆነ ማን አለ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጠበቃችን ፊቱን በፋይሉ ሸፈነ። የመሐል ዳኛው ጠረጴዛውን ሲደበድቡ፣ ከፊት ወንበር የሟች እናት ጥቁር ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። ሳቁ ቀጥ አለ።

«ምነው አያ ዳኛ፣ ልጅቱን አይቆጧት። ብያለሁ። ልጄን ገደልኩት ብዬ አልቅሻለሁ። ያም አብሮኝ ሲያለቅስ ነበር።» ወንድሜን ሳያዩት እጃቸውን ወደሱ ዘረጉ። «ይቅር ግን አላልኩትም። እሱንም ይጻፉልኝ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ዐቃቤ ሕግ፣ በለቅሶ ከተባለው ሌላ፣ ሆን ብሎ ማድረጉን የሚያሳይ ምን አለዎት?»

ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ።

«የለኝም፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ዳኛው አንገታቸውን ወደኔ መለሱ። «አንቺ፣ ውጪ!»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።