ሙሉካ ለኦቦ ጉሉማ የተናገረች ቀን

የሙሉካ ባል በሞተ በወሩ ወንድሞቹ መሬቷን ሊካፈሉ መጡ። ያኔ ከሮቤ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ የምትርቀው መንደራቸው የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ጉሉማ መጥቶ፣ የእርሻውን ዳር ዳር ራሱ እየዞረ ችካል አስተከለላት። «ይህ መሬት የሙሉካ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ጉሉማን ሲያማ ከሰማች ደሟ ይፈላል።

በ1977 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ሃያ ወጣት ይምጣ ተባለ። ጉሉማ የገዛ ወንድሙን አንደኛ አድርጎ አሥራ ሁለት ስም ጻፈና፣ «ከዚህ በላይ ከሄደ የሚያርስ አይቀርም» ብሎ እንቢ አለ። ጎባ ወስደው ዘጠኝ ቀን አሰሩት። ሙሉካ የማኅበሩን ጽሕፈት ቤት ትጠርግ ስለነበር ሲጨቃጨቁም፣ ይዘውት ሲሄዱም አይታለች።

መንደሩ ግን ሌላ ወሬ ነበር የያዘው። ፈረሰኛው ባለጸጋ ወዚር፣ «የድሃ ልጅ ሸጦ ጎባ ሥጋ ሲቆርጥ ሰነበተ» ብሎ አስወራ። ጉሉማ ከእስር ሲመለስ ሰላምታ የሚመልስለት ጠፋ። መስጊድ ሲገባ አጠገቡ የቆመው ፈቀቅ ይል ጀመር። እሱ አንድም ቃል አልመለሰም።

ከሥልጣን ይውረድ ተብሎ ስብሰባ የተጠራ ዕለት ወዚር ተነስቶ ያንኑ ደገመው። ሕዝቡ አጉረመረመ። ሙሉካ ብድግ አለች። ወዚርን ዕድሜ ልኳን አንቱ ስትለው የኖረች ሴት፣

«አንተ ወዚር! ያንተ ልጅ ጀሊል የት ነው?» አለች።

«አጋርፋ፣ ትምህርት ላይ።»

«ውሸታም! ሪራ ጫካ ማር ቆራጮች ዘንድ ደብቀኸዋል። ጽሕፈት ቤት ስጠርግ ሰምቻለሁ፤ ኦቦ ጉሉማም ያውቃሉ። አውቀው ዝም አሉልህ!»

ከአውራጃ የመጣው ካድሬ አንገቱን ደፍቶ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። በሦስተኛው ቀን ጀሊልን እጁን አስረው በመንደሩ መሐል አሳለፉት። እናቱ ጁሀራ መሬት ላይ ተንከባለለች። ሙሉካ ከበሯ ሆና አየች፤ ፊቷንም አላዞረችም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጉሉማ መጣ። ይግቡ፣ ይቀመጡ ብትለውም አልገባም።

«ማን ላከሽ?» አላት።

«ስምዎን ሲያጠፉት ዝም ብዬ ልይ?»

«አዎ፤ ዝም ትያለሽ። ዘጠኝ ቀን የተገረፍኩት እንደዚያ ያለ ልጅ እንዳይሄድ ነው። አሁን ስሜ ነጻ! በሰው ልጅ ታጥቦ!»

ጥሏት ሄደ። የማኅበሩንም ማኅተም በማግስቱ አስረከበ።

ሙሉካ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በወዚር ግን ልቧ አልራራም። ሽማግሌዎች አውፍ በይው፣ ይቅር በይው ብለው ሲመጡ፣ «በሰው ፊት ዋሽቷል፤ በሰው ፊት ቃሉን ይመልስ» አለቻቸው።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ወዚር መስጊዱ ደጃፍ ቆመ። በጥቂት ቀን ውስጥ ከስቶ ልብሱ ሰፍቶታል። ጉሉማ የማንንም ልጅ እንዳልሸጠ፣ ወሬውን የፈጠረው እሱ እንደሆነ እየተንተባተበ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆማ ወደምትሰማው ሙሉካ ዞሩ።

ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «ጮክ ብለህ ድገመው» አለች። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»