የዋልካው ውሃ

አባቴ ሁለት ዓይነት መሬት ነበረው። ከቤታችን ጓሮ ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣው ቀይ አፈር ነው፤ ከማንኩሳ ወረድ ብሎ እስከ ወንዙ የተዘረጋው ደግሞ ዋልካ፣ ጥቁሩ አፈር። ቀዩ ገር ነው፤ ሲያርሱት ይታረሳል፣ ሲያርሙት ይታረማል። ዋልካው ግን የራሱ ጠባይ አለው። በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ ክንድ ያስገባል። ክረምት ሲመጣ ያው ስንጥቅ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ይገጥማል፤ ከዚያ በኋላ እግሩን የሰደደበት ሰው ጫማውን ትቶ ይወጣል። እናቴ ቀሚሷን ይዤ ስነተርካት «ልቀቂኝ እንጂ፣ ዋልካ ነሽ እንዴ!» ትለኝ ነበር።

ለም መሆኑን የሚጠራጠር አልነበረም። ፍግ የሚባል ሳያይ ያበቅላል። ክፋቱ ውሃ አለመልቀቁ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ውሃ ተኝቶበት ይከርማል፤ ዳክዬ ይወርድበታል። መስከረም ገፋ ብሎ ውሃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ ይጣልበታል። ከዚያ ወዲያ አንድ ጠብታ ዝናብ ባይወርድም አፈሩ ከክረምት የቋጠረውን እርጥበት ቀስ እያለ ሰብሉን ያጠጣዋል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ሜዳው ደርቆ፣ የኛ ማሳ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ደስ ይል ነበር። እሸት ሽምብራ ልንነቅል ስንወርድ ቅጠሉ ላይ ያለው ጎምዛዛ ጤዛ እጃችንን ያጣብቀዋል፤ ከንፈራችንን ያቃጥለዋል። እየተቃጠልን እንበላለን። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ገበያ የምገዛው እሸት ያን ያህል ከንፈር አያቃጥልም፤ ወይም ከንፈሬ ደንድኗል።

ከኛ ዋልካ በታች ያለው ማሳ የአጎቴ ነው፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አያቴ ሲሞቱ ላዩ ለአባቴ፣ ታቹ ለአጎቴ ደረሰ። ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይፈስም። አንድ ዓመት አባቴ ውሃው ቶሎ እንዲሸሽለት ብሎ ፈሰስ አወጣ፤ ፈሰስ የምንለው በማረሻ የሚቀደድ የውሃ መውረጃ ነው። ውሃው ሄዶ አጎቴ ማሳ ላይ ተኛ። ጓያቸውን ሳይዘሩ ጥቅምት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች ሰላም የሚባባሉት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ብቻ ሆነ። እናቴና የአጎቴ ሚስት ግን ወንዝ ሲወርዱ አብረው ነበር የሚወርዱት፤ የባሎቻቸውን ኩርፊያ እንደ ልጅ ጠብ ነበር የሚያዩት።

አሥረኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ጤፉ ሊታጨድ ሲል ቀዩን መሬት በረዶ መታው። በማግስቱ ማሳው እንደ አውድማ ተጠቅጥቆ አየነው። አባቴ ጎንበስ ብሎ አንድ ዘለላ አንስቶ በእጁ አሸት አደረገና ጣለው። በዚያ ዓመት በዋልካው ሽምብራ ነው የከረምነው። ግንቦት ላይ አባቴ «ዘንድሮ ዋልካውን ለክረምት እዘራዋለሁ» አለ።

እናቴ ደነገጠች። «ምን ሊበቅልበት? ውሃ ውስጥ?»

«ገብስ። መደብ አውጥቼ።»

የቀበሌያችን የግብርና ሠራተኛ፣ ከቡሬ በኩል የመጣች ወጣት ሴት፣ አሳይታው ነበር። አፈሩ ከፍ ከፍ ተደርጎ በሰፊ መደብ ይወጣል፤ በመደቦቹ መሃል ቦይ ይቀራል፤ ዘሩ መደቡ ላይ ሆኖ ውሃው በቦዩ ይሄዳል። «ቦዩ ግን መጨረሻው ላይ መውጫ ይፈልጋል፤ አለዚያ ልፋት ነው» ብላዋለች። መውጫው የት እንደሆነ እሷም እሱም ያውቁታል። በአጎቴ ማሳ በኩል ነው።

አባቴ ራሱ ሄዶ መጠየቅ ከበደው። ሽማግሌ ላከ። አጎቴ ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው፣ ጠላ አስቀድተው፣ በመጨረሻ «በፍልሰታ እንነጋገራለን» አሏቸው። እንቢ አላሉም፤ እሺም አላሉም። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ ነው፤ ገብሱ የሚዘራው ሰኔ።

«ወንድምህን ቢነግሯቸውማ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው» አለች እናቴ። አባቴ ግን ዘራ። መደቡን ስናወጣ እኔም እናቴም ከበሬዎቹ ኋላ እየተከተልን አፈሩን በእጃችን ወደ ላይ እንመልስ ነበር። ጥቁርነቱ ጥፍራችን ውስጥ ገብቶ ሰነበተ። ገብሱ ሲወጣ በዚያ ጥቁር ላይ መስመር በመስመር የተሰመረ አረንጓዴ ሆነ፤ መንገደኛ ሁሉ እየቆመ ያየው ነበር።

የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ከቅዳሴ ወጥተን ቤት ስንደርስ ዝናቡ ጀመረ። የጎጃም ሐምሌ መቼስ የታወቀ ነው፤ ያን ቀን ግን ሰማዩ ተቀደደ ማለት ይቻላል። አባርቶ ወደ ማሳው ስንወርድ ቦዮቹ ሁሉ ሞልተዋል። ውሃው ድንበሩ ላይ ደርሶ የሚሄድበት ሲያጣ ወደ ኋላ እየተመለሰ መደቡን ይልሰዋል። ከታች ያለው ገብስ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። አባቴ በነጭ ጋቢው ድንበሩ ላይ ቆሟል። አንድ ጊዜ ቢቆፍረው ውሃው ይሄድ ነበር። አልቆፈረም።

እናቴ ክንዴን ጨብጣ «አጎትሽ መጡ፤ ዶማ ይዘዋል» አለችኝ።

አጎቴ በበዓል ቀን እንጨት እንኳ የማይፈልጡ ሰው ናቸው። የገብርኤልን ዝክር ከአባታቸው ተቀብለው የሚዘክሩ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ ዶማውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በራሳቸው ማሳ ጭቃውን እየቀዘፉ ሽቅብ መጡ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ» አለ አባቴ።

«ምን ቆመህ ታያለህ?»

«በዓል ነው። ድንበሩም የርስዎ ነው።»

አጎቴ ገብሱን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። «እህል ታንቆ እየሞተ በዓል ትቆጥራለህ? በሬ ገደል ቢገባ በሰንበት ይወጣ የለ!» አሉና ዶማውን ድንበሩ ላይ አሳረፉት።

ውሃው መጀመሪያ እንደ ገመድ ቀጥኖ ወጣ። ቀጥሎ አፈሩን እየናደ ጎረፈ። አባቴ ጋቢውን ለእናቴ ወረወረላትና በእጁ መጥረግ ጀመረ። አጎቴ ቀና ሳይሉ «አባታችን መሬቱን አካፈለን እንጂ ውሃውን አላካፈለንም። የምንሸኘው አብረን ነው» አሉት። አባቴ ጎንበስ እንዳለ ጭቃውን መጥረጉን ቀጠለ። ቀና ቢል ኖሮ ያለቅስ ነበር መሰለኝ።

በማግስቱ በአጎቴ ማሳ መሃል እስከ ወንዙ የሚወርድ ቦይ መቆፈር ተጀመረ። ከመሬታቸው ሰፋ ያለ ቁራጭ ወሰደባቸው፤ አላጉረመረሙም። ሁለቱ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ሲቆፍሩ ስለ ጠቡ አንድ ቃል ሲነጋገሩ አልሰማሁም። ስለ በሬ፣ ስለ አረም፣ ገበዝ ማርያም አካባቢ ስላለ ዘመዳቸው ሕመም ነበር የሚያወሩት። ምሳ የምንወስደው እኔና የአጎቴ ሚስት ነበርን፤ እሷ መንገድ ላይ ብቻዋን ፈገግ ትል ነበር። «ያን ቀን ዶማውን ማን አቀበላቸው ይመስልሻል?» አለችኝ አንድ ጊዜ። ከዚያ ሌላ አልነገረችኝም።

ገብሱ መስከረም ላይ ደረሰ፤ ሰው ሁሉ ጎተራው ባዶ በሆነበት ወቅት። ከታች በኩል የታነቀው ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ የተረፈው ግን ቤታችንን አጠገበ። የመጀመሪያውን ቆሎ እናቴ በሰፌድ አድርጋ ለአጎቴ ቤት ላከች። ነዶው ሲነሳ ደግሞ በዚያው መሬት ሽምብራ ተዘራ። አንድ መሬት በአንድ ዓመት ሁለቴ ሲሰጥ ያየነው ያኔ ነው። በተከታዩ ክረምት የአጎቴም ማሳ መደብ ወጣለት።

አሁን ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነኝ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ዋልካውን የሚያርሰው ወንድሜ ነው። ያን ማሳ ሳስበው በረዶው ወይም ጠቡ አይደለም ቀድሞ የሚመጣብኝ። ሁለት ጀርባዎች ናቸው፤ አንዱ ቀና ሲል ሌላው የሚያጎነብስ።

ባለፈው ጥር ለአስተርእዮ ማርያም በባጃጅ እስከ ማንኩሳ ሄጄ ከዚያ በእግሬ ወረድኩ። አጎቴ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ቤት ሠራሽ አሉኝ» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ትንሽ ናት።»

«ግቢው ምን አፈር ነው?»

«ድንጋይ አንጥፈንበታል፤ ኮብልስቶን።»

ፊታቸውን ወደ ማሳው መለሱ። የሰደብኳቸው መሰለኝ። ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «እንግዲህ አንድ ጥግ ክፍት ተዪለት፤ አፈርም ይተነፍሳል» አሉኝ።

ስመለስ፣ ከጓሮዬ ጥግ ያሉትን ድንጋዮች ነቃቅዬ ጎመን ተከልኩ። ቀይ አፈር ነው። ባሌ ይስቅብኛል፤ ጎመኑ ግን ይዟል።