ሞልቶ የማያውቀው ጉድጓዴ

ዛሬ ውርደቴን በገዛ አፌ አነበብኩ።

አያት ሰፈር ያለውን የግቢያችንን የጉድጓድ ውሃ የመረመረችው ባለሙያ ውጤቱን ይዛ መጣች። የማታ ትምህርት የጨረስኩ ሰው ነኝና ወረቀቱን ተቀብዬ ለተከራዮቼ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ "ናይትሬት በዝቷል፤ ለሕፃናት አይሰጥ።"

ናይትሬት ላይ ትንሽ ተንተባተብኩ እንጂ ሌላውን እንደ ዜና አንባቢ ነው የለቀቅኩት።

"የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በስንት ጊዜ ይመጠጣል?" አለችኝ ባለሙያዋ።

"ራሴ የቆፈርኩት ነው። ታቹን በሲሚንቶ ስላልለሰንኩት ሞልቶ አያውቅም" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ከሽንት ቤቱ እስከ ውሃው ጉድጓድ በእርምጃ ለካች። "ታዲያ ፍሳሹ የት የሚሄድ ይመስልዎታል? ናይትሬቱ የመጣው ከዚያ ነው።"

ተከራዬ ጽጌ የልጇን ወተት የምትበጠብጠው በዚያ ውሃ ነው። "ጋሼ፣ ንጹህ ነው ብለውኝ እኮ ነው" አለችና ጡጦውን ደፋችው።

በጉራው ጎረቤቱን የጎዳ ሌላ ሰው ካለ እስቲ ይጻፍልኝ፤ ነገ ጠዋት ጽጌን ምን ብላችሁ ሰላም ትሏት ነበር?