አማቴን ያገኘሁበት የሐረግ ድልድይ

ከነቀምቴ መነሣት

ከነቀምቴ የተነሣሁት ባለቤቴ ጫልቱ «እናቴ ካልመጣች አልወልድም» ስላለችኝ ነው። መውለድ እንዲህ በሰው ፈቃድ እንደማይሆን እሷም ታውቃለች። ግን ሆዷ ገፍቷል፤ የመጀመሪያ ልጃችን ነው፤ ስትናገርም እየሳቀች ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ ነገሩን በሳቁ በኩል ላሳልፈው ሞከርኩ፤ አልሆነም። በማግስቱ የልብስ ስፌት ሱቄን ዘግቼ ለመንገድ ተዘጋጀሁ።

የእናትና የልጅ ቅሬታ ከሠርጋችን ይጀምራል። ጫልቱ አባቷ ሲሞት ነቀምቴ መጥታ ያደገችው በአባቷ ወንድም በኦቦ ተሬሳ ቤት ነው። እናቷ ከቢላ ወዲያ፣ ወንዝ ማዶ ቀርተዋል። እኔ ጎጃሜ ነኝ፤ ዓባይን ተሻግሬ ነቀምቴ ገበያ ላይ ሱቅ ከፈትኩ፤ ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ልጅ ሳልለካት ልቤን ለካችው። የተጋባነው በጥቅምት ነበር። በዚያ ዓመት የወንዙን ድልድይ የክረምት ጎርፍ ወስዶት ገና አልተሠራም ነበርና ሽማግሌ ወደ እናቷ ሊሻገር አልቻለም። ኦቦ ተሬሳ በአባት ቦታ ቆመው ዳሩልኝ። እናቷ ይህን የሰሙት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ነቀምቴ አልመጡም፤ የተላከላቸውንም ሁሉ መልሰው ይልካሉ።

ኦቦ ተሬሳ «ኅዳር ነው፤ ድልድዩ ተሠርቷል፤ አብረን እንሂድ» አሉኝ። ገና ሳይነጋ ቡና በጫነ መኪና ላይ ወጣን። ሹፌሩ ከእኔ ሃምሳ ሳንቲም ተቀበለ፤ ኦቦ ተሬሳን ግን አጎንብሶ ጉልበታቸውን ስሞ ጋቢና አስቀመጣቸው። እኔ ከጆንያው ላይ ተንጋለልኩ። ከተማዋ ከነቆርቆሮዋና ከነባሕር ዛፏ ወደ ኋላ ቀረች። ጉሙ እንደ ተቀደደ አቡጀዲ በየሸለቆው ተንጠልጥሎ ነበር። መተኛቴንና መንቃቴን ሳልለየው ስሬ ደረስን።

ከስሬ ወደ ቢላ

ስሬ ላይ እርጎ በቂጣ በላን። ኦቦ ተሬሳ ከዘመድ ሁለት በቅሎ ተዋሱና ወደ ሰሜን ቀናን። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ ግራና ቀኙ ኑግ አብቦ አገሩ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። የበቅሎዋ እርምጃ እንደ ስፌት መኪናዬ ፔዳል አንድ ዓይነት ስለሆነ እንቅልፌን አመጣው። ኦቦ ተሬሳ ግን አላስተኙኝም።

«ሶዳ፣ ስማኝ» አሉ። ሶዳ ማለት በእነሱ ቋንቋ አማች ማለት ነው፤ ካገባሁ ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ፊቷን አታይም። ስሟን አትጠራም። ከአንድ ገበታ አትበላም። የእኛ ወግ ነው።»

«ታዲያ እንዴት አድርጌ ልለምናቸው?»

«የምለምናት እኔ ነኝ። አንተ ከድልድዩ ወዲህ ትቆያለህ።»

«ድንገት ማናገር ቢኖርብኝስ?»

«ለዛፍ ተናገር፤ ለበቅሎ ተናገር። እሷ ሰምታ የምትመልሰውን ለሌላ ነገር ትመልሳለች።»

ሳቄ መጣ። «እኛ አገር ግን...»

«ጎጃም አማት የለም እንዴ?»

«አለ፤ ግን ይታያል።»

ኦቦ ተሬሳ እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ብቻቸውን ሳቁ። ከዚያ ቀስ ብለው «እምቢ ካለች ጫልቱ ይከፋታል። በዚህ ሁኔታዋ መከፋት ጥሩ አይደለም» አሉ። እኔም ከዚያ ወዲያ አልሳቅኩም።

ቢላ የገባነው ሲመሽ ነው። ያሳደረን ሰው የተቀቀለ አንጮቴ በቅቤ አቀረበልን። አንጮቴ እንደ ድንች ከመሬት የሚቆፈር የወለጋ ሥር ነው፤ እኔ እንደ ጫልቱ አልወደውም ነበር። ያን ምሽት ግን ለእሷም ጭምር የምበላ ይመስል ሳህኑን አጸዳሁት።

ጫካው

ጠዋት በቅሎዎቹን እዚያው ትተን በእግር ወጣን። የቢላ ገበያ ቀን ነበርና ሴቶች ማርና ቅቤ አዝለው ከፊታችን ይመጣሉ። «አከም ቡልተኒ» ይሉናል፤ «ነጋ» እንላለን፤ ደህና አደራችሁ፣ ደህና ማለት ነው። የጫካው መግቢያ ላይ ሰውም ድምፅም አለቀ።

ስለዚያ ጫካ ብዙ ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን ሳስበው እንደ ሕልም ይሸሸኛል። ትልልቅ ቀረሮና ዝግባ አሉ፤ ፀሐይ ከላይ ትወጣለች እንጂ ታች አትደርስም። ብርሃኑ አረንጓዴ ነው። እጄን ባየው አረንጓዴ፣ የኦቦ ተሬሳ ነጭ ጋቢም አረንጓዴ። ከዛፍ ዛፍ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን እያንጠለጠሉ ያለ ድምፅ ይዘላሉ። እርጥብ ቅጠል ስለምንረግጥ እግራችን አይሰማም። ኦቦ ተሬሳ ከፊቴ ሲሄዱ እያየሁ፣ እኔም ጫልቱም የሚወለደውም ልጅ እዚሁ ጫካ ውስጥ ስንኖር የኖርን፣ ነቀምቴ የሚባል ከተማም ሰው ያወራልን ብቻ መሰለኝ። ደስ አለኝ። ያለ ምክንያት እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ትንሽ ቆይቶ መሬቱ ከእግራችን ሥር ማጉረምረም ጀመረ። ወንዙ ነው። ወደ አንገር የሚወርድ ነው፤ የአካባቢው ሰው ላጋ ብቻ ይለዋል፤ ወንዝ እንደማለት። ጫካው በድንገት ተሰነጠቀና ጠባብ ገደል ወጣ። ስፋቱ ጎበዝ ድንጋይ ቢወረውር ማዶ የሚያደርስ ያህል ነው፤ ጥልቀቱን ግን አላየሁም፤ አጎንብሼ ነጭ አረፋና ጭስ የመሰለ ትንፋሽ አየሁና ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ከፍታ እፈራለሁ።

ድልድዩ ከወዲህም ከወዲያም ካሉ ሁለት ሾላዎች ላይ የታሰረ ሐረግ ነው። ሁለት ወፍራም ሐረጎች ለእጅ፣ ከሥር ደግሞ ለእግር የሚሆን ዘንግ ተረብርቦበታል። ሁለት ሰው አይተላለፍበትም። ኦቦ ተሬሳ ሐረጉን ይዘው ነቀነቁ፣ ጥቂት ጠበቁ፣ ተሻገሩ። ከመሻገራቸው በፊት «እዚህ ቁጭ በል፤ ጀርባህን ለድልድዩ ስጥ» አሉኝ።

ድልድዩ ላይ

ቁጭ አልኩ። የውሃው ድምፅ ጆሮዬን ሞልቶ ሐሳቤንም ሞላው። ከቆይታ ብዛት ፍርሃቴን ረሳሁት። ወንዙን ከመሐል ሆኜ ባየውስ አልኩ፤ ለጫልቱ እነግራታለሁ አልኩ። ተነሥቼ ዘንጉን ረገጥኩ። ሕልሙን ሲነቃ እንደማያስታውስ ሰው፣ መሐል እስክደርስ የሄድኩትን አላስታውስም።

መሐል ላይ ስደርስ ድልድዩ በእኔ እርምጃ ሳይሆን በሌላ እርምጃ ተወዛወዘ። ከማዶ ጀርባዋ ላይ ትልቅ የቅቤ ቅል ያዘለች ሴት ትመጣለች። ጎንበስ ብላ እግሯን እያየች ነው። እኔም ከፍርሃቴ የተነሣ የማየው የራሴን እግር ነው። የሁለታችን እግሮች ሊነካኩ ትንሽ ሲቀራቸው ቆምን።

«ሐረጉን ሳትነቀንቅ ለምን ወጣህ?» አለችኝ በኦሮምኛ። «ሰው ሲነቀንቅ ማዶ ያለው ይቆማል። ይህን የማያውቅ ማነው?»

«እንግዳ ነኝ፣ አዴ» አልኩ፣ እናቴ ለማለት፣ የገበያ ኦሮምኛዬን አሰባስቤ።

«የማን እንግዳ?»

እውነቱን መናገር መልካም ነው ይላሉ፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን ትንሽ ብዋሽ ይሻል ነበር። «የኦቦ ተሬሳ። የጫልቱ ባል ነኝ» አልኩ።

ቃሉን ሳልጨርስ ነጠላው ፊቷ ላይ ወርዷል። በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን ጨምድደው፣ በአንድ እጃቸው ሐረጉን ይዘው ቀጥ አሉ። ኦቦ ተሬሳ በአቋራጭ ወደ ቤት ወጥተው የሚፈልጓቸው አማቴ እዚህ ከእኔ ጋር ድልድይ ላይ ናቸው።

ጭነት አዝለው ወደ ኋላ መሄድ አይችሉም። መዞር ለማናችንም አይሆንም። የቀረው እኔ ወደ ኋላ መሄዴ ነው፣ ያውም ሳላይ። እሳቸውም ፊታቸውን ሸፍነዋልና ወደ ፊት የሚመጡት ሳያዩ ነው። አንዱን እግሬን ወደ ኋላ ሰደድኩ፤ ተረከዜ ዘንግ ፈልጎ አገኘ። ሁለተኛውን ሰደድኩ፤ ባዶ ሆነ። ልቤ ወደ ወንዙ የወደቀ መሰለኝ። ሌላ ፈልጌ ረገጥኩ። ያን ጊዜ ክፍተቱ ላይ አሁን የሚደርሱት እሳቸው መሆናቸው ትዝ አለኝ።

«አንተ ድልድይ!» ብዬ ጮኽኩ። «እዚህ ጋ አንድ ዘንግህ ወልቋል! የሚረግጥህ ሰው እርምጃውን ያስረዝም!»

አማቴ ቆሙ፤ እግራቸው በአየር ላይ ፈለገ፤ አስረዝመው ረገጡ።

«አንተ ድልድይ፣ ይኸኛው ላልቷል፤ በቀኝ በኩል ነው የሚሻለው!»

በቀኝ በኩል ረገጡ። ጥቂት ሄደን ደግሞ ከነጠላው ሥር ድምፅ መጣ፤ «አንተ ላጋ፣ ይህ ሰው ተቻኩሎ ይወድቅብሃል። ቀስ ይበል።»

ቀስ አልኩ። እኔ ለድልድዩ እየነገርኩ፣ እሳቸው ለወንዙ እየነገሩ፣ ወዲህኛው ሾላ ጀርባዬን እስኪነካኝ ድረስ መጣን። አፈሩን ስረግጥ ከግንዱ ሥር ተቀመጥኩ። አማቴ ቅላቸውን አውርደው ከግንዱ በዚያኛው በኩል ተቀመጡ።

«አንተ ሾላ» አሉ፤ «ልጄን ሲድሩ ማን ጠየቀኝ?»

«ሾላው ያውቃል፤ ማንም አልጠየቀም» አልኩ። «ድልድይ አልነበረም።»

«ድልድይ ባይኖር ገደሉ አፍ ድረስ መጥቶ መጣራት አለ።»

«ውሃው ይጮኻል፤ ድምፅ አይሰማም።»

«እጅ ይታያል» አሉ። «ወሬው በዘመድ በዘመድ ዞሮ ከደረሰኝ በኋላ እዚያ ማዶ ላይ ቀን በቀን ቁጭ እል ነበር። ጥያቄው ቢያልፍም አንድ ሰው መጥቶ እጁን ያነሣልኛል ብዬ። ማንም አልመጣም።»

ሁላችንም እንጨት ተሰባበረ፣ ሐረግ ተበጠሰ ስንል ማዶ የተቀመጠ ሰው ዓይን መኖሩን አላሰብንም።

«ትበላለች?» አሉ ሾላውን፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«አንጮቴ ብቻ።»

«እግሯ ያብጣል?»

«ሲመሽ ሲመሽ።»

«ትፈራለች?»

«ትፈራለች» አልኩ። «ለእኔ አትነግረኝም። ግን እናቴ ካልመጣች አልወልድም ትላለች።»

ከግንዱ ወዲያ የሚያለቅስ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ፤ እኔም ወደዚያ አላየሁም። ኦቦ ተሬሳ በድልድዩ ላይ እያለከለኩ መጡ። «ሃደ ጫልቱ! እኔ ቤትሽ ድረስ ወጥቼ...» ብለው ሁለታችንን ከአንድ ዛፍ ግራና ቀኝ ሲያዩ ሐረጉን እንደያዙ ቆሙ። ሃደ ጫልቱ ማለት የጫልቱ እናት ማለት ነው።

«ተሬሳ» አሉ አማቴ፤ «በቅሎህ ትራገጣለች?»

«ኧረ አትራገጥም።»

«እንግዲያው ይህ ቅቤ ለገበያ አይሄድም። ለአራስ ነው። ቤቴን ለጎረቤት አደራ ብዬ እስክመለስ ጠብቁኝ።» ሐረጉን ነቀነቁና ተሻገሩ።

ወደ ቤት

ስንመለስ አማቴ በእኔ በቅሎ ላይ፣ እኔ ከፊት በእግር፣ ፊቴን ሳላዞር። ከስሬ እሳቸው ጋቢና፣ እኔ ጆንያ ላይ። ነቀምቴ ስንደርስ በራሴ ቤት በጓሮ በር ገብቼ የሥራ ልብሴን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ጫልቱ እናቷን ስታይ ያወጣችውን ድምፅ ግን አጥሩ ጋ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ለዚያ ድምፅ ከዚያ የባሰ ገደልም በተሻገርኩ። ከዚያ በኋላ የማድረው ሱቄ ውስጥ፣ ጨርቅ ላይ ሆነ።

መንገድ ሄጄ ያየሁት አገር ያማረ ነበር፤ ጫካው እስከ ዛሬ በእንቅልፌ ይመጣል። የተማርኩት ግን አንድ ነገር ነው። ሰው የሚቀየመው እሱ ዘንድ ስላልደረስን ብቻ አይደለም፤ ዳር ድረስ እንኳ ስላልመጣን ነው።

አንድ ቀን ማለዳ የጎረቤት ሴቶች እልል ሲሉ ሰማሁና ሱቄን ሳልቆልፍ ሮጥኩ። እደጁ ስደርስ ወጉ ትዝ አለኝና ቆምኩ፤ አንገቴን ደፍቼ ግድግዳውን እያየሁ ጠበቅሁ። በሩ ተከፈተ። አማቴ ወጡ። ልጁን በሁለት እጃቸው ታቅፈዋል፤ አዲስ ልጅ በአንድ እጅ አይሰጥም። ሊሰጡኝ ሲዘረጉ ነጠላቸው ከራሳቸው ተንሸራቶ ትከሻቸው ላይ ወደቀ። የሚያነሡበት እጅ አልነበራቸውም። ለማንሣትም አልቸኮሉም።

ቀና ብዬ አየኋቸው። የጫልቱ ፊት ነው፣ ትንሽ የደከመ።

«ያዝ» አሉኝ።